የመኪናው ጣሪያ ከሳሎን የወጣ ዕለት

እኛ ቤት ከኅዳር እስከ የካቲት ሳሎን ውስጥ የመኪና ጣሪያ ይቀመጥ ነበር። ቀልድ ይመስላል፤ እኔ ግን አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ዙሪያውን ጠርጌያለሁ፣ አቧራውን አራግፌያለሁ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር “በዚያ በኩል ይዙሩ፣ እሱን እንዳይነኩብን” ብያለሁ። ሌላው ሰው ሳሎኑ ውስጥ ቡፌ ያቆማል። እኛ ጣሪያ እናስተኛለን።

መኪናዋ የአባቴ ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጀርመን ሠራሽ፣ ከእኔ በዕድሜ ጥቂት የምታንስ። ጣሪያዋ ይነሳል። ሸራ አይደለም፤ ደህና ተደርጎ የተሠራ ብረት ነው፤ የኋላ መስታወቱም አብሮት አለ። መቆለፊያዎቹን ስትፈታቸው እንዳለ ብድግ ብሎ ይወጣል፤ ያኔ ሙሽራና ሙሽሪት ከሹፌሩ ኋላ ቆመው እጃቸውን የሚያወዛውዙባት የሰርግ መኪና ትሆናለች። አባዬ በዚህች መኪና የጅማን ግማሽ ድሯል ቢባል ማጋነን ነው፤ ብዙ ግን አይደለም። ከሰርቦ ከአሰንዳቦ ድረስ እየመጡ ይወስዷት ነበር። የኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ በምረቃቸው ሰሞን ፎቶ ልንነሳባት ብለው ይለማመጣሉ። ምረቃቸው ክረምት ላይ ነው፤ አባዬ በክረምት ጣሪያ አያነሳም። “ፋዘር፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ” ይሉታል። “እዚህ ቤት ፋዘር የሚባል ሰው የለም” ብሎ በሩን ይዘጋባቸዋል።

የጅማ ዝናብ ጎብኝቶ የሚሄድ አይደለም፤ ኗሪ ነው። ስለዚህ ጣሪያው የሚነሳው በበጋው፣ በሰርጉ ወራት ብቻ ነው። ማንሳቱ ቀላል ነው፤ መከራው ያለው የት ላድርገው ላይ ነው። ለሁለት ወንድ አይከብድም ይላሉ፤ ውሸት ነው። አራት ሰው ይፈልጋል፤ አምስተኛ ደግሞ ምንም ሳይሸከም “ቀስ፣ ቀስ” የሚል። ስታቆመው ይወድቃል፣ ስታስደግፈው ይንሸራተታል፣ ሲሚንቶ ላይ ስታስተኛው እርጥበት ከሥር ይወጣበታል፣ በፕላስቲክ ስትጠቀልለው ያልበዋል። ልጅ እንኳን ይህን ያህል አያስቸግርም፤ ልጅ ቢያንስ አድጎ ከቤት ይወጣል።

ሳሎን የገባው በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከቤታችን በታች፣ አስፋልቱ ዳር፣ የልብስ ስፌት ቤት አለው። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ልጁን ሲድር መኪናዋን ወሰደ፤ ወንድም ነውና ማን ይከለክለዋል። ጣሪያውን አስነስቶ እኛው ጋራዥ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ እንደ በር አስደግፎት ሄደ። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ጀንፈል ነበር፤ ሰርቦ ያሉት ዘመዶቻችን ከነገለባው ያደረቁትን ቡና እስኪሸጥ ድረስ እኛ ዘንድ ይከምሩታል። እዚያ ሙሽሪት ስትጨፍር እዚህ አንዱ ጆንያ ከክምሩ ላይ ተንሸራተተና ጣሪያውን ገፋው። የኋላው መስታወት እንክትክት አለ።

እንዲህ ያለ መስታወት አዲስ አበባም አልተገኘም። በስተመጨረሻ ታፔላ የሚሠራ ሰው ከፕላስቲክ ቆርጦ ገጠመለት፤ በእሱ ስታይ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። አባዬ ግን መስታወት እስኪፈለግ አልጠበቀም። በመልሱ ግብዣ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ “ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም፤ ብሞት ቀብሬ ላይ እንዳትደርስ” አለው። አጎቴ እጁን ታጠበና ተነሳ። “ቶሌ” አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህም ደጃችንን አልረገጠም።

እኛ ዘር ውስጥ እልህ እንደ አፍንጫ ይወረሳል። ሽማግሌ ተላከ፤ አባዬ ሻይ አጠጥቶ ሸኛቸው። ረመዳን በመጣ ቁጥር “ዘንድሮስ አፉ ይባባላሉ” ተባለ፤ ዒድ መጥቶ አለፈ። ጣሪያው ሳሎን ገባ፣ ወንድምየው ከሳሎን ቀረ። በሁለቱ መካከል የምመላለሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ልብሴን የማሰፋው አጎቴ ዘንድ ነው። እየለካኝ “ደህና ነው?” ይለኛል፤ ማን ደህና እንደሆነ ግን አይናገርም። አባዬም አዲስ ቀሚስ ባየብኝ ቁጥር “ስፌቱ ጥሩ ነው” ይላል፤ ማን እንደሰፋው አይጠይቅም። ሁለት ሽበታም ሰዎች በእኔ ጀርባ ይላላካሉ፤ እኔም ሳያስፈልገኝ ቀሚስ አበዛሁ።

ቀልዱን ትቼ ልናገርና፣ እፈራ ነበር። አባዬ አንድ ቀን ይሞታል፤ አጎቴም ያን “ቶሌ” ያለውን ቃል ይጠብቃል፤ ስፌት ቤቱን ከውስጥ ዘግቶ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ አጎቴን እንደ ሰው አላየውም፤ እሱም ራሱን እንደ ሰው አያይም። ይህን እያሰብኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለአባዬ ስነግረው “የራስሽን አስቢ” ይለኛል።

ባለፈው ክረምት አባዬን ግራ ጎኑን ያዘው። እጁና እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ አፉ ግን እንደ ወትሮው ሁላችንን ያዝዘናል። መኝታ ቤቱ ለጠያቂ ስለሚጠብ አልጋውን ሳሎን አወጣንለት። ኅዳር ሲገባ ሰርግ መጣና ጣሪያው እንደ ልማዱ ተነስቶ ሳሎን ገባ። አባዬ በዚህ በኩል፣ ጣሪያው በዚያ በኩል፣ ጠያቂ በመሃል ተጣብቆ። ጥር ላይ አንዲት ጠያቂ የሻይ ብርጭቆዋን ጣሪያው ላይ አሳረፈች። አባዬ ከአልጋው ሊነሳ ታገለ፤ ወጌሻውም ሐኪሙም ይህን ያህል አላንቀሳቀሱትም። የዚያን ቀን ማታ “ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትወጣላችሁ፣ አንተን ማውጣት ስለማልችል ጣሪያው ይውጣ” አልኩት።

“የት?” አለ።

“ጋራዥ።”

ግዴታውን ይደረድር ጀመር። ሲሚንቶ አይንካው። ግድግዳ አይንካው። በጎኑ አይቁም፣ በግንባሩ አይደፋ። ከበላዩ ባርኔጣ እንኳ አይቀመጥ። ፕላስቲክ ተብሎ አይሸፈን፣ ሻጋታ ይወልዳል፤ ንጹሕ ጥጥ ይልበስ። የጠርዙ ጎማ ይጠረግ፣ ገመድ በጎማው ላይ አይለፍ። ጀንፈል ያለበት ቤት አይጥ አለ፣ አይጥ ያለበት ቤት ጎማ አይተርፍም፤ ስለዚህ ቡናው ይውጣ። እኔ ስዳር እንኳ ለባሌ ይህን ያህል አደራ አልተባለለትም። ነገርኩት፤ “ባልሽን አይጥ አይበላውም” አለኝ።

ሰርቦ ደውዬ ጆንያዎቻችሁን ውሰዱ አልኳቸው፤ ተቀየሙ፤ ይቀየሙ። ጋራዡን ጠረግሁ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩ። ከዚያ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ናት፤ የኛ አናጢ በርጩማ ሥራ ብትለው ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራል። የምፈልገውን ነገርኩት፦ ርዝመቱ ቁመተ ረጅም ሰው የሚያህል፣ አራት እግር ያለው፣ የሚያርፍበት ላይ ብርድ ልብስ የሚጠቀለልበት፣ ጣሪያውን አንዴ ከጫንነው በኋላ ከነመቆሚያው እንድንሸከመው በፊትም በኋላም እጀታ የሚወጣለት። “ገባኝ” አለ። ምንም አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ቀን አመጣው፤ ያማረ፣ ጠንካራ፣ ቢረግጡት የማይነቃነቅ። በጣም ደስ አለኝ። ያ ሰው ከበርጩማው ሌላ የመስጊድ ቃሬዛ እንደሚሠራ የነገረኝ የለም፤ ቢነግሩኝም ጭንቅላቴን የሞላው የሻጋታ ጉዳይ ነበር።

ሽፋኑን ራሴ ሰፋሁት፤ ከነጭ አቡጀዲ። ጥጥ ነው፣ ይተነፍሳል፣ አባዬ እንዳለው። በጉዞው እንዳይፋቅ ብዬ ደግሞ በላዩ ላይ አረንጓዴውን የአልጋ ልብስ ጣል አደረግሁበት፤ በመቀነት አሰርኩት። አሁን ይህን የሚያነብ ሁሉ “ምነው ዓይንሽ ታወረ” እንደሚለኝ አውቃለሁ። ነጭ አቡጀዲ፣ አረንጓዴ ልብስ፣ አራት እጀታ፣ መሃሉ ጉብ ያለ። እንግዲህ ሰው የራሱን ሥራ ሲያይ የሚታየው የደከመበት ነው፤ ለእኔ የታየኝ ገመዱ ጎማውን አለመንካቱ ነበር።

ቤታችን ቁልቁለት ላይ ነው። የግቢው በር ከላይ፣ በኮብልስቶኑ በኩል ነው፤ ጋራዡ ከታች፣ ወደ አስፋልቱ ይከፈታል። ግቢው ውስጥ የሚያገናኛቸው ደረጃ ለሰው እንጂ ለጣሪያ አይሆንም። ስለዚህ ጣሪያው ከላይኛው በር ወጥቶ፣ መንደሩን ዞሮ፣ በአስፋልቱ በኩል መግባት ነበረበት። መስጊዱም እዚያው አስፋልት ላይ፣ ከጋራዡና ከአጎቴ ስፌት ቤት አለፍ ብሎ ነው። ከቡና መጋዘን አራት ጫኝና አውራጅ አመጣሁ። ከዙህር ሶላት በፊት እንጨርስ አሉኝ። “በትከሻችሁ፣ ሳታናውጡት፣ ሳትነጋገሩ” አልኳቸው፤ ሲነጋገሩ ይሳሳቃሉ፣ ሲሳሳቁ ይጥሉታል ብዬ ነው። አባዬ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እነሱ በላይኛው በር ሲወጡ እኔ በውስጥ ደረጃ ወርጄ ጋራዡን ከፈትኩና አስፋልቱ ላይ ቆሜ እጠብቅ ጀመር።

ቆየሁ። ለሦስት መቶ እርምጃ መንገድ ይህን ያህል አይቆይም። ሻይ ቤት አስቀምጠውት ገብተዋል ብዬ በልቤ ሰደብኳቸው። ከዚያ “ላ ኢላሀ ኢለላህ” የሚል ድምፅ ከጥጉ መጣ፤ ብዙ ሰው ነው። “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አልኩና ሻሼን አስተካክዬ ወደ ግድግዳው ጠጋ አልኩ። ባለሱቆቹ መዝጊያቸውን ገርበብ አደረጉ፣ ባጃጆቹ ቆሙ። ጀናዛው በፊቴ አለፈ፤ ሰው እየተሻማ ይቀባበለዋል። ምስኪን፣ ማን ይሆን አልኩ። እንዲያውም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ወፈር ያለ ሰው ነው ብዬ አስቤያለሁ። ከዚያ ሲያልፍ የአረንጓዴው ልብስ ጫፍ ላይ የካውያ ቃጠሎ አየሁ። ያንን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። አራቱ ሰዎች ከበራችን ሲወጡ ትይዩ ያለችው ጎረቤታችን በረንዳዋ ላይ ነበረች፤ በየቀኑ ለአባዬ ሾርባ የምታመጣው። አየችና እሪ አለች። ወንዶች ከየቤቱ ወጡ። በኛ አገር ጀናዛ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሙስሊም የለም፤ ትንሽም ቢሆን ይሸከማል፤ ተሸካሚውን ከኋላ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለህ፣ እሱ ይለቃል፣ አንተ ትገባለህ። የሞተው ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ከማን በር እንደወጣ ታይቷላ። የኔዎቹ ጫኝና አውራጆች ዕድሜያቸውን ሙሉ ጆንያ ሲሸከሙ አንድ ሰው ላግዛችሁ ብሏቸው አያውቅም። ትከሻቸውን ነካ ሲያደርጓቸው ለቀቁ፤ ሳትነጋገሩ ብያቸዋለሁ፣ አልተነጋገሩም። አምሳ እርምጃ ሳይሄድ፣ ምን እንደተሸከመ የሚያውቅ አንድም ሰው ከሥሩ አልነበረም።

ሮጥኩ። ጋራዡን ክፍት ትቼ፣ ነጠላ ጫማዬ አንዱ ወልቆ። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ። “ልጄ፣ ሴት ጀናዛ አትከተልም፣ ሰብር አድርጊ” አሉኝ።

“አባቴ፣ ጀናዛ አይደለም፤ የመኪና ጣሪያ ነው” አልኳቸው።

በሐዘኔታ አዩኝ። “ያ ረቢ፣ ነካት” አሉ ለጎናቸው ላለው ሰው፤ “ውኃ አምጡላት።” ሌላው መጥቶ በሌላ ክንዴ ያዘኝ። ጣሪያ ነው ባልኩ ቁጥር ሰው ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ሰው እውነት ተናግሮ ይህን ያህል ሲታዘንለት አይቼ አላውቅም። እጄን ላስለቅቅ ስታገል፣ ልሳደብም አፌን ስከፍት፣ አጎቴን አየሁት።

ከስፌት ቤቱ የወጣው እንደነበረ ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ መርፌ ደረቱ ላይ እንደተሰካ፣ ባዶ እግሩን። የፔዳል ስፌት ሲረግጥ ጫማ አያደርግም። መሃል አስፋልት ላይ ቆመ። ሰው አየውና መንገድ ከፈተለት፤ ሰፈሩ ሁሉ ነገሩን ያውቃል። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ቃሬዛው አጠገቡ ሲደርስ የፊተኛውን ሰው ትከሻ ነካ። ሰውየው ለቀቀለት። አጎቴ ትከሻውን ከእጀታው ሥር አስገባና ይሄድ ጀመር፤ ድምፅ ሳያወጣ ያለቅሳል፣ እንባው ሜትሩ ላይ ይወርዳል።

ዝም አልኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁን ልናገረው። ብጮህ ያ ሕዝብ በቆመ፣ አልጋ ልብሱ በተገለጠ ነበር። ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አስራ አንድ ዓመት የፈራሁት ነገር አለመሆኑን በዓይኔ እያየሁ ነበር፤ ትንሽ ልየው አልኩ። ሽማግሌው ክንዴን እንደያዙኝ አብረን ከኋላ ከኋላ ሄድን፤ እሳቸው ሰብር አደረገች ብለው አመሰገኑኝ።

መስጊዱ ግቢ ሲደርሱ አወረዱት። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። ኢማሙ ለሶላቱ ሲዘጋጁ እንደ ወጉ “ወንድ ነው ሴት?” ብለው ጠየቁ።

“ወንድሜ ነው” አለ አጎቴ።

ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ። ግን ለመኪና ጣሪያ ሲሰገድ ቆሜ ማየት አልቻልኩም፤ ድፍረቴም ልክ አለው። ክንዴን አስለቅቄ ገባሁ። “ሼኽ፣ ይማሩኝ፣ ሰው አይደለም” አልኳቸው፤ መቀነቱን ፈትቼ አልጋ ልብሱንም አቡጀዲውንም ገለጥኩት። ያ የፕላስቲክ መስታወት ብቅ አለ። ኢማሙ ጣሪያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና ጣሪያውን አዩት። ከንፈራቸው ሊስቅ ሲል ያዙት። “ለዚህ አይሰገድም” አሉ፤ “ለአንቺ ግን ዱዓ እናደርግልሻለን።” ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ተቆጣ፣ አንዱ ደግሞ “እኔ እኮ ከበደኝ ብያለሁ” አለ።

አጎቴ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ መስታወቱን በጣቱ ነካው። ይህን ጣሪያ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ፊቱ አመድ መሰለ። “እሱ ነው የላከሽ?” አለኝ። “ይመጣል አይመጣም ብሎ ሊስቅብኝ?”

“አባዬ ተኝቷል” አልኩት። “ምንም አያውቅም። ሳሎኑ ጠቦን ጣሪያውን ጋራዥ ላስገባ ነው ያወጣሁት። በአላህ ስም እምልልሃለሁ፣ አጎቴ።” እርስዎ የምለውን ሰው አንተ ብዬዋለሁ፤ የዚያን ሰዓት አላስተዋልኩትም።

“ተኝቷል?” አለ።

“ተኝቷል። ሳይነቃ አይቀርም አሁን።”

“በሕይወት?”

“በሕይወት ነው ያለው።”

ለውዱእ የሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና እንደ ልጅ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። አዛን ተባለ። ሰው ሁሉ ሶላት ገባ፤ እሱም ተነስቶ ታጥቦ ገባ፤ እኔ ከጣሪያው ጋር ግቢው ውስጥ ቀረሁ። ዝንብ አባረርኩለት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ከሶላት ሲወጡ አጎቴ እጅጌውን ጠቀለለ። “እጋ፣ እንግዲህ ይህን ነገር ወደ ቦታው እንውሰደው” አለ። የቀድሞ ተሸካሚዎች ስምንት ሆነው መጡ፤ አሁን ምን እንደሆነ ስላወቁ በጣም ከበዳቸው። አጎቴ ከፊት እየሄደ ይመራቸዋል። ጋራዡ ውስጥ ሲገቡ ወለሉን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያው ከሁሉም አቅጣጫ ክንድ ያህል እንዲርቅ አደረገ። የመቆሚያው አንድ እግር ተንጋዶ ነበር፤ ከኪሱ ቁራጭ ጨርቅ አውጥቶ አጥፎ ከሥሩ አስገባ። መቀነቱን ፈታና “ይህ ክብደቱን ወደ መስታወቱ ይስበዋል” ብሎ በሌላ በኩል አሰረው። አቡጀዲውን ሲያለብሰው ስፌቴን አየና ምላሱን መታ፤ “አንቺ እንኳን አትስፊ” አለኝ።

ሰዎቹ ሲሄዱ እንደቆመ ቀረ። “ያን ቀን እንዲህ አድርጌ ባስቀምጠው” አለ። “ቸኩዬ ነበር፤ ልጄን ልድር። አስራ አንድ ዓመት በየቀኑ በሐሳቤ እንደገና አስቀምጬዋለሁ።” ደረጃውን አሳየሁት፤ ያውቀዋል፣ ግን አሳየሁት።

ሳሎኑ ሞልቷል። ለለቅሶ የመጡ ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ አንዲትም አታለቅስም፣ ለመሄድም ያፈሩ ይመስላሉ። ጎረቤታችን እየጮኸች ስትገባ ሟቹ ከአልጋው ላይ “ማን ሞተ?” ብሎ ጠይቋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተናገረ የለም። ከአሰንዳቦ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ እየመጣ ነው ተባለ። አባዬ በትራስ ተደግፎ ሾርባውን ይጠጣል። “ቀበራችሁኝ?” ሊለኝ አፉን ከፈተና ከኋላዬ ያለውን አየ።

አጎቴ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ።

“ሞተ አሉኝ” አለ አጎቴ።

“ሰማሁ።”

“እንዳትመጣ ብለኸኝ ነበር።”

“ብዬሃለሁ።”

“መጣሁ።”

አባዬ የሾርባውን ሳህን በደህናው እጁ ወደ እኔ ገፋው። አፉ ያመልጠዋል፣ አንድ ክፉ ነገር ይናገርና ሁሉን ያበላሸዋል ብዬ እየሰጋሁ ሳህኑን ተቀበልኩት።

“እኔ ያንን ከተናገርኩ ጀምሮ፣” አለ አባዬ፣ “ቃልህን ትጠብቃለህ ብዬ ስፈራ ነው የኖርኩት።”

አጎቴ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።